በላቦራቶሪ አይጦች የተጎዳ ጅማት እንዴት ይድናል?

ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር ያያይዛል። በብዛት የተሠራው ኮላጅን ከተባለው ፕሮቲን፣ በተለይም ከዓይነት 1 ኮላጅን ነው። ክሮቹ በአንድ አቅጣጫ ተደርድረዋል፤ ጥንካሬውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሴሎቹ ጥቂት ናቸው፣ የሚደርሰው ደምም አነስተኛ ነው። ስለዚህ ሲቆረጥ ቶሎ አይድንም፤ ሲድንም እንደ ድሮው አይሆንም።

ይህን ለማጥናት ፈረስና ጥንቸልም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ትልቁን ሸክም የተሸከመችው ግን ትንሿ አይጥ ናት። አንድን ጂን በተፈለገው ሴልና በተፈለገው ጊዜ ማጥፋት፣ ሴሎችንም ቀለም ሰጥቶ መከታተል በእሷ ላይ ይቀላል። ብዙ ጊዜ የሚጠኑት የተረከዝ፣ የጉልበት፣ የትከሻና የእግር ጣት ጅማቶች ናቸው። ቀዶ ጥገናው የሚሠራው በማደንዘዣ ነው። የተረከዙ ጅማት ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ ሥራው እጅ የሚፈትን ነው። የጣቱ ጅማት ሲሰፋ ደግሞ ክሩ ከሰው ፀጉር ይቀጥናል።

ከጉዳቱ በኋላ መጀመሪያ ቁስሉ ይቆጣል፤ የመከላከያ ሴሎች መጥተው የሞተውን ያጸዳሉ። ቀጥሎ ሴሎች ይባዛሉ፣ ክፍተቱም ዓይነት 3 በሚባለው ደካማ ኮላጅን ይሞላል። ከዚያ ለወራት የሚቆይ የማስተካከል ሥራ ይከተላል። በአዋቂ አይጥ የመጨረሻው ውጤት ጠባሳ ነው። የተረከዝ ጅማት ተቆርጦ ሲተው ደግሞ ቦታው ላይ አጥንት እስከ መብቀል ይደርሳል።

ነገሩ የሚገርመው ግልገሎቹ ላይ ነው። በ2017 ኒው ዮርክ ከሚገኘው የማውንት ሲናይ የሕክምና ትምህርት ቤት የወጣ ጥናት የ5 ቀን ግልገሎችን ከአዋቂዎች ጋር አነጻጽሯል። የሁለቱም የተረከዝ ጅማት ተቆረጠ፤ አልተሰፋም። ስክለራክሲስ የተባለው ጂን የጅማት ሴል መለያ ነውና እሱን ይዘው ሴሎቹን ተከታተሉ። በግልገሎቹ የጅማቱ የራሱ ሴሎች ተባዝተው ክፍተቱን ሞሉት፣ አረማመዳቸውም ተስተካከለ። በአዋቂዎቹ ግን እነዚያ ሴሎች ንቅንቅ አላሉም ማለት ይቻላል። ቦታውን የያዙት ከሌላ የመጡ ጠባሳ ሠሪ ሴሎች ናቸው። ቲጂኤፍ-ቤታ የተባለው ምልክት አስተላላፊ ፕሮቲን በጠባሳ ሲወቀስ ኖሯል፤ ሆኖም በኋላ እንደታየው የግልገሎቹ መዳን ያለ እሱ አይሆንም።

ኤምአርኤል የተባለው የአይጥ ዝርያም ስም አለው። በፊላደልፊያው ዊስታር ተቋም ለመለያ ተብሎ ጆሯቸው ላይ የተበሳው ቀዳዳ ራሱን ደፍኖ ተገኘ፤ ግኝቱም በ1998 ታተመ። ጅማታቸውም ከሌሎቹ የተሻለ እንደሚድን የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ልዩነቱ ግን በሁሉም ጅማት ላይ እኩል ላይሆን ይችላል።

አሁን ክርክሩ የጦፈው በስክለራክሲስ ሴሎች ላይ ነው። በ2021 የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአዋቂ አይጦች እነዚህን ሴሎች ከጉዳቱ በፊት ቀነሷቸው። የሚጠበቀው መዳኑ እንዲባባስ ነበር። በ28ኛው ቀን ሲለካ ግን ጅማቱ ይበልጥ ጠንክሮ ተገኘ። ይህ የኒው ዮርኩን ውጤት ያፈርሳል የሚል ካለ ቸኩሏል። የሮቸስተሩ ጅማት የእግር ጣት ማጠፊያ ነው፣ በክርም ተሰፍቷል። የኒው ዮርኩ ደግሞ ሳይሰፋ የተተወ የተረከዝ ጅማት ነው።