ከሲጋራ ወደ ቬፕ፦ በርጫ ላይ የሚወራው እና እውነታው

ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ በርጫ የተቀመጠ ሰው የማያውቀው ነገር የለም። የኳሱን ያውቃል፤ የዶላሩን ያውቃል፤ የጅቡቲን መንገድ ያውቃል። አሁን አሁን ደግሞ ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ተጨምሯል። አንዱ «ሲጋራውን ትቼ በኤሌክትሮኒኩ ልቀይር ነው፣ ለጀማሪ የቱ ይሻላል?» ካለ አለቀ፣ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይዘንባል። ጥያቄው ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው መልሱ ላይ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸው መልሶች እነዚህ ናቸው፤ እውነታውም ከሥራቸው።

«ገበያ ላይ ካለማ ተፈቅዷል ማለት ነው»

አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መሸጥን ይከለክላል። ሺሻም አብሮ ተከልክሏል። የድሬ ገበያዎቹ ታይዋን ይሁን ከፊራ፣ ወይም ሐረር ሸዋ በር፣ ሕጉ ያው ነው።

ብዙ ሰው «እሺ፣ ሕግ ነው እንግዲህ» ብሎ ያልፈዋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላው ጎኑ ነው። ቬፕ በሚፈቀድባቸው አገሮች ዕቃውን የሚቆጣጠር አካል አለ። በአውሮፓ ኅብረትና በእንግሊዝ በአንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ከ20 ሚሊ ግራም መብለጥ አይችልም። በኮንትሮባንድ የገባ ዕቃ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ግን ማን አረጋገጠው? ማንም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚያው ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ቬፕ የሚስቡ ሰዎች ሳንባቸው እየተጎዳ ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። እስከ 2020 የካቲት ድረስ ቁጥራቸው ከ2,800 አለፈ፤ 68 ሰዎች ሞቱ። ዋናው ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው ቫይታሚን ኢ አሲቴት የሚባል ቅባት ነው። በአብዛኛው ከመንገድ ላይ በተገዛ የካናቢስ ፈሳሽ ውስጥ ተቀላቅሎ ነበር። መደበኛው የኒኮቲን ቬፕ አልነበረም ማለት ነው። ቢሆንም ታማሚዎቹ ምን እየሳቡ እንደሆነ አላወቁም።

ስለዚህ ድሬ ተቀምጦ «የቱን ልግዛ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ የትኛውንም። ምትኩን መጨረሻ ላይ እናገራለሁ። የመሣሪያ ምርጫው ወሬ ቬፕ በሕግ በሚሸጥበት አገር ለሚኖሩ የድሬና የሐረር ልጆች ነው፤ ዱባይም ይሁን ለንደን።

«ጭስ አይደለም፣ የውሃ እንፋሎት ነው»

ውሃ አይደለም። ፈሳሹ በዋናነት ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ነው። ኒኮቲንና ማጣፈጫ ይጨመርበታል። ትንሽ የብረት ጥቅልል በባትሪ ግሎ ያተነዋል። ጥቅልሉ ከመጠን በላይ ሲግል ወይም ፈሳሽ ሲያልቅበት ደግሞ እንደ ፎርማልዲሃይድ ያሉ ጎጂ ነገሮች ይበዛሉ። ምልክቱ ጉሮሮ የሚቧጥጥ የተቃጠለ ጣዕም ነው። ያን ጣዕም ችሎ መሳብ ጉብዝና አይደለም።

«እንዲያውም ከሲጋራ ይብሳል»

ይህም ልክ አይደለም። ሲጋራን ገዳይ የሚያደርገው የትምባሆው መቃጠል ነው። ከቃጠሎው ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ይወጣሉ፤ ወደ 70 የሚጠጉት ካንሰር አምጪ ናቸው። ታሩም፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም የሚመጡት ከዚያው ነው። ቬፕ ውስጥ የሚቃጠል ትምባሆ የለም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ የዞረ አጫሽ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው መርዝ በጣም ይቀንሳል። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም በ2015 «ጉዳቱ 95 በመቶ ያነሰ ነው» ያለው እስካሁን ይጠቀሳል። የባለሙያዎች ግምት እንጂ በላቦራቶሪ የተለካ ቁጥር አይደለም። አቅጣጫውን ውሰዱ፤ በቁጥሩ ግን አትማሉ።

ይህ ስሌት የሚሠራው ለአጫሽ ብቻ ነው። አጭሶ የማያውቅ ወጣት ቬፕ ሲያነሳ የሚቀንስለት ነገር የለም፤ አዲስ ሱስ ነው የሚገዛው። ገና በማደግ ላይ ላለ አንጎልና ለነፍሰ ጡር ደግሞ ኒኮቲን ራሱ ጎጂ ነው።

«የሚገድለው ኒኮቲኑ ነው፣ ለጀማሪ ዝቅተኛውን ስጡት»

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል፤ የልብ ምትና የደም ግፊትም ይጨምራል። ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። የሳንባ ካንሰር የሚያመጣው ግን በዋናነት ጭሱ ነው። በቀን አንድ ፓኮ የሚጨርስ ሰው በሚሊ ሊትር 3 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ያለው ፈሳሽ ይዞ ቢጀምር ምን ይሆናል? አምሮቱ አይቆረጥለትም። ቀኑን ሙሉ ሲስብ ይውላል። ይነጫነጫል። አመሻሽ ላይ ሱቅ ሄዶ ነጠላ ይገዛል። ከዚያ «አቦ፣ ቬፕ አይሠራም!» ብሎ ያወራል።

ዋናው መለኪያ የሱሱ ጥንካሬ ነው። ጠዋት ከአልጋ በተነሳ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ሰው ሱሱ ጠንካራ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ከ18 ወይም ከ20 ሚሊ ግራም ቢጀምር ይሻለዋል። በቀን ጥቂት ብቻ የሚያጨስ በ6 ወይም በ10 ሊበቃው ይችላል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከመጡ በዝቷል፤ መሣሪያው ከእጅ አልወርድ ካለ አንሷል። መጀመሪያ ሲጋራው ይሂድ። ኒኮቲኑን ዝቅ ማድረግ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

እግረ መንገድ፣ በመቶኛ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ሰው ይሸውዳል። «5 በመቶ» ሲባል ትንሽ ይመስላል። 50 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ የአውሮፓን ጣሪያ ከእጥፍ በላይ ያልፋል። ከአሲድ ጋር በተቀላቀለ ኒኮቲን (ኒኮቲን ሶልት) መልክ ሲሆን ደግሞ ጉሮሮ ላይ ስለሚለሰልስ ብርታቱ ቶሎ አይታወቅም።

«ብዙ ጭስ የሚያወጣው ይበልጣል»

ቪዲዮ ላይ ያምራል። ሲጋራ የለመደ ሰው ግን ጭሱን መጀመሪያ አፉ ውስጥ ይይዛል፣ ከዚያ ወደ ሳንባው ያወርዳል። ትልልቆቹ መሣሪያዎች የተሠሩት ቀጥታ ወደ ሳንባ ለሚስብ፣ ቀላል ኒኮቲን ለሚጠቀም ሰው ነው። አንድ ጀማሪ እነሱ ውስጥ 20 ሚሊ ግራም ቢሞላ ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋልም።

ለጀማሪ የሚስማማው ትንሹ ፖድ ነው፤ ፈሳሽ የሚሞላበት፣ ባትሪው ቻርጅ የሚደረግ፣ የአየር መሳቢያው ጠበብ ያለ። ጥቅልሉ 1 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን፣ ፈሳሹም ፕሮፒሊን ግላይኮሉና ግሊሰሪኑ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ቢሆን ይመረጣል። አዲስ ፖድ ከሞሉ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነው፤ ጥቅልሉ ዙሪያ ያለው ጥጥ ፈሳሹን ይምጠጥ። ወዲያው የሳበ ሰው ጥቅልሉን ያቃጥለዋል። አሳሳቡም ይለያል። እንደ ሲጋራ ቶሎ ቶሎ አይደለም፣ ቀስ ብሎና ረዘም አድርጎ ነው።

«10 ሺህ ፓፍ ያለው ያዋጣል»

አንድ ፓፍ፣ ማለትም አንድ ጊዜ መሳብ፣ ስንት ሰከንድ ነው? ካርቶኑ አይነግራችሁም። የምትስቡት ረዘም ካለ ቁጥሩ በፍጥነት ያልቃል። ይልቅ ሌላ ሒሳብ ሥሩ። ባለ 5 በመቶ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 500 ሚሊ ግራም ኒኮቲን አለ። አጫሽ ከአንድ ሲጋራ የሚያገኘው ግን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ነው። ሲጋራ ያልቃል፣ ቁራጩ ይጣላል፣ እረፍት አለ። ይህኛው «በቃ» የሚል ምልክት የለውም። ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ፈሳሹ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ጥቂቱም ቢዋጥ መርዝ ነው። እንግሊዝ ሲያልቅ የሚጣለውን ዓይነት ቬፕ መሸጥን ከሰኔ 2025 ጀምሮ አግዳለች።

«ቀን ቬፕ፣ ምርቃና ላይ ሲጋራ»

ይህን የሚለው ሰው ብዛቱ! ለእኔ ከሁሉም የከፋው አመለካከት ይህ ነው፣ ምክንያቱም ብልጠት ይመስላል። «ከሃያ ወደ ሦስት ወረድኩ» ይላል ሰውየው፣ ደስ ብሎት። ለሳንባው የሆነ ነገር ቀንሷል። ልብ ግን እንደዚያ አትቆጥርም። በ2018 የታተመ የብዙ ጥናቶች ትንተና እንዳሳየው፣ በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው 20 የሚያጨሰው ካለበት ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። አንዷ ሲጋራ ብቻዋን የሃያውን ግማሽ ያህል ታስከፍላለች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጫቱ ይጨመራል። ጫት ራሱ የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። በላዩ ሲጋራ ሲለኮስ ልብ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ትሸከማለች። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ የድሬ አጫሽ ከባድ ሰዓቱ ጠዋት አይደለም። ምርቃናው ሲመጣ፣ ጎረቤቱ ሲለኩስ፣ ክፍሉ በጭስ ሲሞላ ነው። በቬፕም ሆነ ያለ ቬፕ ለማቆም የቆረጠ ሰው ዕቅዱን ለዚያ ሰዓት ማውጣት አለበት። የኒኮቲን እጦቱ የሚብሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ አብዛኛው ሰው ላይ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ይበርዳል። ለእነዚያ ሳምንታት በርጫውን መዝለል፣ ካልሆነም ከማያጨሱ ሰዎች ጋር መቀመጥ ያዋጣል። ጓደኛ ያኮርፍ ይሆናል። ያኩርፍ።

«ባትሪው ምንም አይሆንም»

የድሬን የግንቦት ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይህን አይልም። ሊትየም ባትሪ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ወይም ባጃጅ ውስጥ አይተውም። ፈጣን የስልክ ቻርጀርም አይሰካበት። ከዕቃው ጋር የመጣውን ገመድ ተጠቀሙ፣ ተኝታችሁም ቻርጅ አታድርጉ።

«ያለ ቬፕ ሲጋራ አይተውም»

ቬፕ ለማቆም እንደሚረዳ ማስረጃ አለ። በ2019 እንግሊዝ ውስጥ 886 አጫሾች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ከባለሙያ ምክር ጋር ቬፕ ከተሰጣቸው 18 በመቶው ከዓመት በኋላም ሲጋራ እንዳልነኩ አሳይቷል። የኒኮቲን ማስቲካና ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኒኮቲን ፕላስተር ከተሰጣቸው ደግሞ 9.9 በመቶው። ግን ቬፕ ተሰጥቷቸው ካቆሙት ውስጥ 80 በመቶው ከዓመት በኋላም ቬፑን ይስቡ ነበር። ማስቲካውንና ፕላስተሩን የቀጠሉት 9 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ሁለተኛውን ቁጥር በርጫ ላይ ማንም አያነሳውም።

እንግዲህ ምትኩ ይህ ነው። ፋርማሲ ሄዳችሁ የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር ጠይቁ። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመጠቀም ይበልጣል። በሐኪም የሚታዘዙም አሉ፤ ቡፕሮፒዮንና ቫረኒክሊን ከ2021 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ ጫት እንደምትቅሙ ሳትደብቁ ተናገሩ።

ማስቲካው እንደ ሌላ ማስቲካ አይታኘክም። ጥቂት ይታኘካል፣ መለብለብ ሲጀምር ጉንጭ ውስጥ ይቀመጣል፣ ልብለባው ሲጠፋ እንደገና ይታኘካል። ልክ እንደ ጫት ነው፤ ድሬ ላይ ይህን ለማንም ማስተማር አያስፈልግም። ጠዋት እንደተነሱ የሚለኩሱ ባለ 4 ሚሊ ግራሙን ይውሰዱ፣ ሌሎቹ ባለ 2ቱን። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፤ ቡናና ለስላሳ መጠጥ የአፍን አሲድ ስለሚጨምሩ ኒኮቲኑ በጉንጭ አይገባም። ማስቲካውን ከመጀመራችሁ 15 ደቂቃ በፊትና እያኘካችሁ ሳለ ኮካውን ወዲያ አድርጉት፣ ውሃ ጠጡ።