ስቅለት፦ ድግስ የሌለው በዓል

ባንኩም መሥሪያ ቤቱም ዝግ ነው። ዶሮ ግን አይታረድም፣ ቀን ላይ ቡና አይፈላም። ስቅለት በኢትዮጵያ ሥራ ከሚዘጋባቸው ክርስቲያናዊ በዓላት አንዱ ነው። የሚከበረው ግን በጾም፣ በስግደትና በለቅሶ ነው።

ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ቀመሩ ባሕረ ሐሳብ ሲሆን ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለዲሜጥሮስ ይሰጣል። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚውል፣ ስቅለትም ከመጋቢት 24 እስከ ሚያዝያ 28 ይመላለሳል። ጥንተ ስቅለቱ፣ ማለትም ጌታ የተሰቀለበት የመጀመሪያው ቀን፣ መጋቢት 27 ነው። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ስለሚገባ፣ መድኃኔዓለም በደስታ የሚነግሠው ጥቅምት 27 ነው።

ዓርብን ለመረዳት ከሰሞነ ሕማማት መጀመር ይሻላል። ከሰኞ አንስቶ ሰው እጅ አይጨባበጥም፣ አይሳሳምም፤ ይሁዳ ጌታን አሳልፎ የሰጠው በመሳም ነውና። ካህኑም መስቀል አያሳልሙም። ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፍ ሰው ጸሎቱ አስቀድሞ በሆሣዕና ዕለት ይደርሳል። ይሄ ሥርዓት ሁሌም ልቤን ይነካዋል። ማን እንደሚሞት ሳይታወቅ ለሁሉም ይጸለያል።

ዓርብ ማለዳ ግቢው በነጭ ነጠላ ይሞላል። ብዙ እናቶች ለቅሶ ቤት እንደሚሄዱ ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ። ውስጥ መጋረጃው ጥቁር ነው። ግብረ ሕማማት የተባለው የሕማማት መጽሐፍ በየሰዓቱ ይነበባል፤ በማለዳ፣ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት። በመሃል ሕዝቡ «ኪርያላይሶን» እያለ ይሰግዳል። ቃሉ ግሪክ ነው፣ «አቤቱ ማረን» ማለት ነው፤ ተከትሎት የሚመጣው «ናይናን» ደግሞ ቅብጥ ነው። ትርጉሙን የማያውቁት ባልቴት እንኳ ዜማውን አይስቱም።

ስግደቱ ቀልድ አይደለም። ጉልበት መሬት ይነካል፣ ግንባር አፈር ይነካል፣ ተነስቶ እንደገና ይወደቃል። ሕፃናት እየቆጠሩ ይፎካከራሉ። ጉልበት የከዳቸው ሽማግሌ መቋሚያቸውን ተደግፈው አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኩለ ቀን ሲያልፍ የብዙዎቹ ግንባር አቧራ ለብሷል፣ ማንም ግን አያራግፈውም።

ማታ ላይ ጥብጠባ አለ። ሰው ተራ ይዞ ካህኑ ፊት ይቀርባል፣ ጥፋቱን በዝግታ ይናገራል። ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባውን መታ መታ ያደርጉትና የስግደት ቁጥር ይሰጡታል። የጌታን ግርፋት የሚያስታውስ ነው። የዋለው ሰው እንዲሁ አይበተንም። በአራቱም አቅጣጫ መቶ መቶ ጊዜ «እግዚኦ» ይባላል።

ከዚያ ቤት፣ ጉልባን። ጉልባን የባቄላ ክክና ስንዴ በጨው የተቀቀለ ነው። የሚዘጋጀው ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ሲሆን፣ ለስቅለት ማታም ይተርፋል። ቀኑን ሙሉ እህል ላላየ አፍ ከዚያ የሚጥም ነገር የለም።

ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም ዕለቱን በየሥርዓቱ ያስበዋል። ከተማውም ከበዓሉ ጋር ሁለት ሆኖ ይውላል። ቤተ ክርስቲያኑ ያለቅሳል፤ በግ ተራው ደግሞ ለፋሲካ ደርቷል። ሰግዶ የወጣ አባወራ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጥሎ የበጉን ላት ሲዳስስ ማየት የተለመደ ነው።

አክፍሎት የያዙት ግን ጉልባኑንም አይቀምሱም። ከዓርብ ጀምረው፣ ቅዳሜ ካህናቱ ቄጠማ ሲያድሉም ጾመው ያድራሉ። እህል የሚቀምሱት የትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴ ሲያልቅ ነው።