«ሐማርቲያ» የባሕርይ ጉድለት ነው?

የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ስለ ቅኔና ተውኔት በጻፈው «ፖየቲክስ» 13ኛ ምዕራፍ የአሳዛኝ ተውኔት ዋና ሰው እጅግ ጻድቅም ክፉም ያልሆነ፣ የሚወድቀውም በክፋቱ ሳይሆን በአንድ «ሐማርቲያ» ምክንያት ነው ይላል። ይህን የግሪክኛ ቃሉን «የባሕርይ ጉድለት» ብሎ መፍታት የተለመደ ነው፤ ግን አያስኬድም። ግሱ ወርዋሪ ዒላማውን ሲስት የሚባል ነው፤ ስለዚህ ቃሉ ወደ «ስሕተት» ይቀርባል። በኋላ አዲስ ኪዳን ኃጢአትን በዚሁ ቃል ስለጠራ ግራ መጋባቱ ባሰ። (የግእዙ «ኀጥአ»ም መበደልም ማጣትም ነው፤ «አጣ» የምንለው ከዚያው ነው።)

በሶፎክልስ ተውኔት «ንጉሥ ኤዲፐስ» ውስጥ ኤዲፐስ ሦስት መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ የገደለው ሽማግሌ አባቱ መሆኑን አያውቅም። ቁጡ ነው፣ እውነት ነው፤ የጣለው ግን አለማወቁ ነው። ቁጣውን ብቻ የያዘ አንባቢ ተውኔቱን ወደ ተግሣጽ ያወርደዋል።

በዚያው ደራሲ «አንቲጎኔ» ውስጥ ያለው ንጉሥ ክሬዎን ይበልጥ ያከራክራል። የአንቲጎኔ ወንድም ሬሳ እንዳይቀበር ከልክሎ፣ ትእዛዙን የጣሰችውን አንቲጎኔን ከነሕይወቷ ዋሻ ውስጥ ያዘጋባታል። እልኩ ግልጽ ነው። ነቢዩ ቲሬስያስ ካስጠነቀቀው በኋላ ግን ይለሳለሳል፤ የተውኔቱ መዘምራንም ልጅቷን ከዋሻው አውጣ፣ ለሬሳውም መቃብር አብጅ ይሉታል። እሱ ግን እዚህ ላይ ይስታል፤ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ መጀመሪያ ሬሳውን ይቀብራል። ዋሻው ሲደርስ አንቲጎኔ ራሷን ሰቅላለች፤ ልጁ ሔሞንም እዚያው ፊቱ ሰይፉን በራሱ ላይ ይሰካል።