ጓደኛዬ ቤት የተማርኩት፦ ስለ ኦቲዝም የምንለው እና እውነታው

ጓደኛዬ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት። ትልቁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ትንሹ ስድስት። ሁለቱም ኦቲዝም አለባቸው። ለዓመታት ቤቷ ቡና እየጠጣሁ የማላውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ሰው ስመክራት ኖሬአለሁ። ከታች ካሉት አባባሎች አንዳንዶቹ ከእኔም አፍ ወጥተዋል።

«ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው»

ይሄን ያልኳት እኔ ነኝ። ትልቁ ሁለት ዓመት ሞልቶት «እማ» አይልም ነበር። ስሙን ስትጠራው አይዞርም፣ የሚፈልገውን በጣቱ አያሳይም። «የእህቴም ልጅ እንዲሁ ነበር፣ አትጨነቂ» አልኳት። አመነችኝና አንድ ዓመት ጠበቀች። ዘግይተው የሚናገሩ ልጆች አሉ፣ እውነት ነው። ግን ስሙ ሲጠራ አለመዞር፣ አለመጠቆም፣ ዓይን ለዓይን አለመተያየት አብሮ ካለ መጠበቅ አያስፈልግም። ባለሙያ በሁለት ዓመት ገደማ ሊለየው ይችላል፣ እገዛው ደግሞ ቶሎ ሲጀመር ይሻላል። ያ ዓመት እስካሁን ይቆጨኛል።

«ቡዳ ነው፣ እርግማን ነው፣ እናትየዋ አንድ ነገር አድርጋ ነው»

ሁለተኛው ልጅም እንዳለበት ሲታወቅ አንዲት ጎረቤት «ሁለቴ? ምን በድላ ይሆን?» ስትል ጓደኛዬ በጆሮዋ ሰማች። ኦቲዝም የአንጎል እድገት ልዩነት ነው፣ በአብዛኛውም ከዘር ጋር ይያያዛል። አንድ ልጅ ካለበት ተከትሎት የሚወለደው ላይ የመታየት ዕድሉ ከአምስት አንድ ገደማ ነው። ሁለቴ ያደረገው ይሄ ነው እንጂ በደል አይደለም። እናትን መወንጀል የእኛ ብቻም አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ራሳቸው «እናቱ ፍቅር ስለነፈገችው ነው» ያሉበት ዘመን ነበር። ጸበል መሄዱን አልቃወምም፣ እሷም ትሄዳለች፣ ያበረታታታል። የሚጎዳው በሐሜቱ ምክንያት ልጅን ቤት ደብቆ ማስቀመጡ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ የታገሉት ከዚሁ መደበቅ ጋር ነው። ኦቲዝም ያለበትን የገዛ ልጃቸውን ታሪክ በአደባባይ ነበር የሚናገሩት።

«ክትባቱ ነው»

አይደለም። ወሬው የተነሳው በ1998 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ በ12 ልጆች ላይ ከተሠራ ጽሑፍ ነው። ያወጣው የሕክምና መጽሔት ጽሑፉን በ2010 እ.ኤ.አ. ሰረዘው፣ ዋናው ጸሐፊ አንድሪው ዌክፊልድም የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ። ዴንማርክ ውስጥ ከ650 ሺህ በላይ ልጆች ተጠንተው ግንኙነት አልተገኘም። ልጆቻችሁን አስከትቡ።

«ስልክና ቲቪ ነው»

ትልቁ ሲወለድ ቤታቸው ቲቪ አልነበረም።

«ስላልተቀጣ ነው፣ ባለጌ ነው»

ጓደኛዬን ከሁሉም በላይ የሚያስለቅሳት ይሄ ነው። አንድ ቀን ከመገናኛ ታክሲ ይዘን ስንሄድ ሙዚቃው ጮክ ብሎ ተከፍቷል፣ ረዳቱ ይጮሃል፣ ሰው ተጨናንቋል። ትልቁ መጀመሪያ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ። ቀጥሎ ጮኸ፣ ጭንቅላቱን ከመስኮቱ ጋር ማጋጨት ጀመረ። ከኋላ አንዲት ትልቅ ሴትዮ «በጊዜ አንድ ሁለቴ ብታቀምሽው ኖሮ!» አሉ። ጓደኛዬ መልስ አልሰጠችም፤ መዳፏን በጭንቅላቱና በመስኮቱ መሃል አስገብታ ምቱን እጇ ላይ ተቀበለች። ወርደን ጸጥ ያለ ቦታ ስንደርስ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ተረጋጋ። ለእኛ ተራ የሆነው ድምፅ ለእሱ ጆሮ ሕመም ነው። የተናደደ ልጅ የፈለገውን ሲያገኝ ዝም ይላል፤ እሱ ግን ከጫጫታው መውጣት እንጂ የፈለገው ነገር አልነበረም። መምታት ጭንቀቱ ላይ ሌላ ጭንቀት ይጨምርበታል። ታክሲ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ሙዚቃው እንዲቀነስ ጠይቁ፣ በቂ ነው።

«ሰው አይወዱም፣ በራሳቸው ዓለም ነው የሚኖሩት»

ትንሹ አይናገርም። ውኃ ሲፈልግ የእናቱን እጅ ይይዝና ብርጭቆው ላይ ያደርገዋል። እኔ ስመጣ ዞር ብሎም ስለማያየኝ አያውቀኝም ብዬ ነበር። እሷ ግን «አንቺ የምትመጪ ቀን በር በሩን ነው የሚለው» ትለኛለች። ባለፈው ቅዳሜ ልሄድ ተነስቼ ጫማዬን ሳደርግ መጣና እጄን ያዘ። ወስዶ የተነሳሁበት ወንበር ላይ አደረገው።