የመጻሕፍት መደብሮች በወሎ

በወሎ የመጽሐፍ ንግድ ሲነሳ ቀድማ የምትጠቀሰው ደሴ ናት። ወሎ ግን መደብር ከማየቱ በፊት መጽሐፍን በደንብ ያውቃል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ ከአገሪቱ ቀደምት የመጻሕፍት ማዕከላት አንዱ ነው። የወሎ ሼሆችም አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ መንዙማና ትምህርት ለደረሶቻቸው (ለተማሪዎቻቸው) አስተላልፈዋል።

ለመደብሮቹ ገዢ ያፈራው ዘመናዊው ትምህርት ቤት ነው። እንደ ተማሪዎች ንቅናቄው ዋለልኝ መኮንን ያሉት የተማሩበት የደሴው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት እዚህ ላይ ትልቅ ቦታ አለው። ከደሴ የወጣው አንባቢ ትውልድ በአገር ደረጃ ስሙ የገነነ ነው።

በደርግ ዘመን ነገሩ ተለወጠ። የመንግሥት የነበረው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ልብ ወለዱንም የፖለቲካ መጽሐፉንም በርካሽ ያወጣ ነበር። ከሞስኮው ፕሮግረስ አሳታሚ የሚመጡት የአማርኛ ትርጉሞች ዋጋቸው ከዚያም የቀለለ ነበር። ለተማሪ ኪስ የሚሆን መጽሐፍ የተገኘው ያኔ ነው። በሌላ በኩል ሳንሱሩ ከባድ ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ቤት ውስጥ መጽሐፍ መገኘቱ ራሱ ስለሚያስጠረጥር ብዙ ሰው መጽሐፉን አቃጥሏል፣ ቀብሯልም። የግል ነጋዴው ከመንግሥት ዋጋ ጋር መፎካከር አይችልም ነበር። ዘመኑ ንባብን ጠቀመ ወይስ ጎዳ የሚለው እስካሁን ያከራክራል።

ከ1983 በኋላ ሳንሱር ቀረ፤ የግል አሳታሚዎችም በዙ።

በአሜሪካ ትንንሾቹን መደብሮች የገፏቸው እንደ ባርንስ ኤንድ ኖብል ያሉ ባለብዙ ቅርንጫፍ መደብሮች፣ በኋላም አማዞን ናቸው። በወሎ እንዲህ ያለ ባላንጣ የለም። መደብሩን የሚያዳክሙት የሱቅ ኪራይ፣ የወረቀት ዋጋና በቴሌግራም በነፃ የሚዞረው ፒዲኤፍ ናቸው። ወረቀት በውጭ ምንዛሪ ስለሚገባ፣ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ጫናው ብሷል። ጦርነቱም አለ። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 መገባደጃ እስከ ኅዳር መጨረሻ በህወሓት ኃይሎች እጅ ሳሉ ሱቆች ተዘርፈዋል፤ የደሴ ሙዚየምና ወሎ ዩኒቨርሲቲም አልተረፉም።

ስለዚህ ባለመደብሩ ወደ ጽሕፈት መሣሪያ ያደላል። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የፈተና መለማመጃና ፎቶ ኮፒ ከልብ ወለድ ይልቅ ቶሎ ይሸጣሉ። የመስከረም የደብተር ሽያጭ የዓመቱን ኪራይ ካልሸፈነ፣ መጀመሪያ የሚቀነሰው የልብ ወለዱ መደርደሪያ ነው።