«ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ማለት፦ የአባባሉ ትርጉምና አመጣጥ

በአማርኛ ተረት የሚያወራ ሰው በቀጥታ ወደ ታሪኩ አይገባም። በመጀመሪያ «ተረት ተረት» ይላል፤ ዙሪያውን የተቀመጡት ልጆች በአንድ ድምፅ «የላም በረት» ብለው እስኪመልሱለት ይጠብቃል፤ ድምፃቸው ከደከመበትም ይደግመዋል። «ከዕለታት አንድ ቀን» ብሎ የሚጀምረው መልሱን ከተቀበለ በኋላ ነው። ሲጨርስ ደግሞ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ይዘጋል። በመድረክም ሆነ በቴሌቪዥን አንድ አቅራቢ የሚታወቅበት አነጋገር ለምን በሕዝብ አፍ ላይ እንደሚቀር ለመረዳት ለእኔ ከዚህ የልጅነት ልማድ የተሻለ መነሻ የለም።

«ተረት» በአማርኛ ሁለት ነገሮችን ያቅፋል። የጅብና የአህያ፣ የብልጥና የሞኝ ታሪክ ተረት ይባላል፤ አጭሩ ምሳሌያዊ አነጋገርም ተረት ይባላል። «አበው ሲተርቱ» ብሎ የሚነሣ ሽማግሌ ሊናገር ያሰበው ረጅም ታሪክ ሳይሆን ምሳሌ ነው፤ «ተረትና ምሳሌ» የሚለው ጥምር ስምም የሁለቱን ቅርበት ያሳያል። «የላም በረት» ግን ከሚከተለው ታሪክ ጋር ምንም የይዘት ዝምድና የለውም። የገባው ቤት ስለሚመታ ነው፤ «ተረት» እና «በረት» በአንድ ድምፅ ያልቃሉ። «የመሠረት» ብለው የሚመልሱም አሉ፤ ቤቱ እስካልተበላሸ ድረስ ይህም ያስኬዳል። እንዲህም ሆኖ በረት የተመረጠው እንዲያው በአጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም። በገጠር ቤት ተረት የሚወራው ማታ ከብቶቹ ከተሰማሩበት ተመልሰው፣ ላሟ ታልባ፣ ቤተሰቡ እሳት ዙሪያ ሲሰበሰብ ነው። ስለዚህ ልጆቹ «የላም በረት» ሲሉ የቀኑ ሥራ ማለቁንና የጨዋታው ሰዓት መድረሱን አብረው የሚያውጁ ይመስለኛል። ዛሬ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ወይም በዋሽንግተን የሚያድግ ልጅ በረት አይቶ ላያውቅ ይችላል፤ ነገር ግን አያቱ «ተረት ተረት» ባለች ጊዜ የሚመልሰውን ካስተማሩት ያለ አንዳች ችግር ይመልሳል።

ይበልጥ ትኩረት የሚገባው የመዝጊያው አባባል ነው። «ተረቴን መልሱ» በሁለት መንገድ ይተረጐማል። አንደኛው፣ የሰማችሁትን ደግማችሁ ንገሩኝ፣ መያዛችሁን ልወቅ ማለት ነው፤ «መለሰ» ለጥያቄ መልስ መስጠትንም ስለሚያመለክት ይህ ትርጓሜ ከቋንቋው አይወጣም። ሁለተኛው፣ እኔ አንድ ተረት አበድሬአችኋለሁና እናንተም በተራችሁ አንድ ንገሩኝ ማለት ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ምክንያቱም ዐረፍተ ነገሩ የሚቀጥለው ስለ ክፍያ በመናገር ነው። «አበሰ» ማለት ጠረገ ማለት ነው፤ እንባ ይታበሳል፣ ላብ ይታበሳል። ሲናገር የቆየው አፍ ግን በጨርቅ ሳይሆን በዳቦ ይታበስ ይላል። እንጀራ አለማለቱም ትርጉም አለው። እንጀራ የዕለት ምግብ ነው፤ ዳቦ ግን በብዙ ቤት የሚጋገረው ለበዓልና ለእንግዳ ነበር። በቡሄ ዕለት «ሆያ ሆዬ» እያሉ በየደጁ የሚጨፍሩ ወንዶች ልጆች፣ አሁን አሁን ገንዘብ ቢተካውም፣ ይሰጣቸው የነበረው ሙልሙል ዳቦ ነው። በቃል ያዝናና ሰው ዳቦ ይገባዋል የሚለው ስሜት በሁለቱም ልማዶች ውስጥ አለ፤ ተረት ነጋሪዋ አያትም ሆነች በደጅ የሚጨፍረው ልጅ ያለ ምንም እፍረት ዋጋቸውን ይጠይቃሉ።

የእንቆቅልሽ ጨዋታም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ጠያቂዋ «እንቆቅልሽ» ስትል ተጠያቂዋ «ምን አውቅልሽ» ብላ ትመልሳለች፤ ገና ጥያቄውን ሳትሰማ አላውቅም ማለቷ ነው፤ ይህ ትሕትና የጨዋታው በር መክፈቻ ነው። መልሱ ከጠፋ «አገር ስጪኝ» ይባላል፤ የተሸነፈችው ጎንደርን ወይም ሐረርን ትሰጣለች፤ አሸናፊዋም በተሰጣት አገር ላይ ነግሣ ተሸናፊዋን እያሾፈች መልሱን ትገልጻለች። አንዲት ከተማ በቃል ብቻ ከእጅ ወደ እጅ የምታልፍበት ጨዋታ በመሆኑ ልጆች የአገራቸውን ከተሞች ስም የሚለምዱበትም መንገድ ነበር።

የአዋቂዎቹ አቻ «ተቀበል!» ነው። በአዝማሪ ቤት ግጥም የመጣለት እንግዳ ከተቀመጠበት ሆኖ «ተቀበል!» ይላል፤ ከዚያም ስንኙን ያቀብላል፤ አዝማሪው በማሲንቆው አጅቦ ያንኑ ስንኝ ያዜማል፤ አዝማሪዋ ሴት ከሆነች ጥሪው «ተቀበይ!» ይሆናል። እዚህ ላይ ድርሻው ተገልብጧል፤ ገጣሚው ታዳሚው ነው፣ ተቀባዩ ባለሙያው ነው። ግጥሙ ሰምና ወርቅ ያለው እንደሆነ ቤቱ በሙሉ ወርቁን ለማግኘት ጆሮውን ያቆማል፤ ያገኘው ቀድሞ ይስቃል። «ተቀበለ» የሚለው ግስ እንግዳን፣ ገንዘብን፣ መልእክትንና ዜማን እኩል የሚያስተናግድ ቃል መሆኑ ለዚህ ጥሪ ልዩ ክብር ይሰጠዋል፤ ዘፈን አቀንቃኙን የሚከተሉትም «ተቀባዮች» መባላቸው ከዚሁ ግስ ነው።

ይህ ሁሉ ልማድ ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገር ከማንም በላይ የተሸከሙት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ናቸው። በ1915 ዓ.ም. በባሌ የተወለዱት አባባ ተስፋዬ ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ እየተጫወቱ ያለፉ የቴአትር ሰው ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን አራት አሥርት ዓመታት ለዘለቀ ጊዜ በልጆች ዝግጅት ተረት ነጋሪ ሆኑ። ለልጆቹ ያቀርቡት የነበረው ጥሪ፣ «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች»፣ ዛሬ በትምህርት ቤት ምረቃም ሆነ በጋዜጣ ርእስ «ልጆች» በሚለው ቃል ፋንታ ይገባል።

ጥሪው ግስ የለውም፤ ትሆናላችሁ ወይም ሁኑ አይልም፤ ስም አውጥቶ ብቻ ይጠራል። ዛሬን ከነገ፣ አበባን ከፍሬ ጋር ያስተካክላል፤ ሁለቱም ሐረጎች በአንድ ልክ ስለተቆረጡ የሦስት ዓመት ልጅ እንኳ ይይዛቸዋል። ገበሬ እንደሚያውቀው አበባ ሁሉ ፍሬ አይሆንም፤ ውርጭ ይመታዋል፣ ነፋስ ያረግፈዋል። ስለዚህ በጥሪው ውስጥ ለልጆቹ ተስፋ፣ ለሚያሳድጓቸው ደግሞ አደራ አለ። ሰላምታቸው «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ምርቃት ነው፤ ሰጪው በስም ባይጠቀስም እግዚአብሔር መሆኑን ሰሚው ሁሉ ያውቃል። ቴሌቪዥን በጥቂት ቤቶች ብቻ በነበረበት ጊዜ በጎረቤት ሳሎን ወለል ላይ ተደርድረው የተቀመጡ ልጆች ለዚህ ሰላምታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይመልሱ ነበር። መስኮቱ እንደማይሰማቸው የሚነግራቸው ታላቅ ወንድም ቢኖርም አያምኑትም፤ አባባ ይሰማሉ። «የላም በረት» ብሎ መመለስ የለመደ ልጅ ሰላም ሲባል ዝም ሊል አይችልም ነበር። አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያዘነላቸው ሕዝብ ከአያት እስከ የልጅ ልጅ ድረስ ያንን ጥሪ እየሰማ ያደገ ነበር።

በተከታታይ ድራማና በቀልድ መድረክ የሚወጡ አነጋገሮች ደግሞ አንድ ሰሞን በታክሲ ውስጥና በትምህርት ቤት ግቢ ይነግሣሉ፤ ድራማው ሲያልቅ ብዙዎቹ አብረው ይሄዳሉ። ልዩነቱ በእኔ ግምት የቃሉ ማማር አይደለም። ሰሚው መቅዳት ብቻ የሚፈቀድለት አነጋገር የተናጋሪው ንብረት ሆኖ ይቀራል፤ ሰሚው የሚመልሰው ነገር ያለበት አነጋገር ግን የሁለቱም ነው፤ ተናጋሪው ቢያልፍ እንኳ ሌላው ግማሽ በሰሚው ዘንድ አለ። «ተረት ተረት» በመንገድ ንግግር የማይታመን ወሬ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል፤ «ተረት ተረት አታውራብኝ» የሚል ሰው ውሸት በቃኝ ማለቱ ነው። ምድጃ ዳር ሲባል ግን ይህ ትርጉም አይታሰብም። እዚያ ዳቦው ተቆርሶ ለአያቲቱ ከተሰጠ በኋላ ከልጆቹ አንዷ ትነሣና «ተረት ተረት» ትላለች፤ ተረቱን እንዲመልሱ የጠየቀችው አያትም በተራዋ «የላም በረት» ትላለች።