«ሄክስ»፦ ፖስት ሮክ ስሙን ያገኘበት አልበም

«ሄክስ» የለንደኑ ባንድ ባርክ ሳይኮሲስ የመጀመሪያ አልበም ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 በሰርካ ሪከርድስ በኩል ነው። ሰባት ሥራዎች አሉት፤ ርዝመቱ 51 ደቂቃ ገደማ ነው። ፖስት ሮክ የሚሰማ ሰው ሞልቷል። ስልቱ ስም ያወጣበትን አልበም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐያሲው ሳይመን ሬይኖልድስ ሞጆ በተባለው መጽሔት ላይ ስለ «ሄክስ» ሲጽፍ «ፖስት ሮክ» የሚል ቃል ተጠቀመ። በዚያው ዓመት ደግሞ ዘ ዋየር በተባለው የሙዚቃ መጽሔት ላይ ሐሳቡን አፍታታው፦ የሮክ መሣሪያ ይዞ ሮክ ያልሆነ ሙዚቃ መሥራት። ጊታሩ ጉልበት ማሳያነቱ ይቀርና የድምፅ ቀለም ይሆናል። ቃሉ ከዚያ በፊትም አልፎ አልፎ ብቅ ብሎ ነበር፤ የስልት መጠሪያ ሆኖ የጸናው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

የባንዱ አጀማመር እዚህ የሚያደርስ አይመስልም። ግሬም ሰተንና ጆን ሊንግ በ1986 ገና ተማሪ ሳሉ ናፓልም ዴዝ የተባለውን የከባድ ሮክ ባንድ ሥራዎች ይጫወቱ ነበር። ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ማለት ነው! ኋላ ግን ወደ ጸጥታው አዘነበሉ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ዳንኤል ጊሽና ድራመሩ ማርክ ሲምኔት ተቀላቀሏቸው። መለማመጃቸው በምሥራቅ ለንደን፣ ስትራትፎርድ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። «ስከም» የተባለውን የ1992 ሥራቸውን እዚያው ቀረጹት። አንድ ዘፈን ነው፤ 21 ደቂቃ ይፈጃል። የ«ሄክስ» ቀረጻም በከፊል የተካሄደው እዚያ ነው።

ሰተን የፈለገው ድምፅ ልክ ካልመጣለት የሚለቅ ሰው አይደለም። ሥራው ተጓተተ፣ ጓደኞቹም ተሰላቹ። አልበሙ ሲያልቅ ጊሽም ሊንግም ባንዱን ለቀው ነበር።

የመጀመሪያው ሥራ «ዘ ሉም» በፒያኖና በቫዮሊኖች ይከፈታል፤ ድራሙ የሚገባው ዘግይቶ ነው። ሰተን ሲዘፍን ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ለራሱ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ለጀማሪ የምመርጠው «ቢግ ሾት»ን ነው። በግጥሙ ውስጥ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መኪና ውስጥ ነን፣ ወዴት እንደሚኬድ የሚያውቅ የለም። ባሱ ዘፈኑን ይዞት ይሄዳል፤ ሌላው ሁሉ ብልጭ እያለ ይጠፋል። መዝጊያው «ፔንዱለም ማን» ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። አሥር ደቂቃ ያህል የሚንሳፈፍ ድምፅ ነው፣ ግጥም የለውም።

ታዲያ ለምን ተረሳ? አንዱ ምክንያት ጊዜው ነው። 1994 በብሪታንያ ብሪትፖፕ የሚባለው ደማቅ የጊታር ፖፕ የነገሠበት ዓመት ነበር፤ ብለርና ኦዌሲስ ሜዳውን ይዘውት ነበር። እንዲህ ያለ ጸጥተኛ አልበም በዚያ ግርግር መሀል ማን ይሰማዋል? ሌላው ምክንያት የባንዱ መፍረስ ነው። ሰተን ቦይመራንግ በሚል ስም ድራም ኤንድ ቤዝ የሚባለውን ፈጣን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ወደ መሥራት ዞረ። በባርክ ሳይኮሲስ ስም ሁለተኛውን አልበም ያወጣው በ2004 ነው፤ ድራሙን የተጫወተለት ቶክ ቶክ የተባለው ባንድ ድራመር የነበረው ሊ ሃሪስ ነው። «ሄክስ» ራሱ በ2017 በፋየር ሪከርድስ በኩል እንደገና ታትሟል።